ቅጠል ላይ የቀረ ጥርስ

ማክሎቪዮ ሶሳን ማክሰኞ ጠዋት ያገኙት አሮጌው የባቡር ጣቢያ በረንዳ ላይ ነው። በጀርባው ተጋድሟል። ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ ባርኔጣው ደረቱ ላይ ተቀምጧል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰብሯል፤ በረንዳው ላይ ግን የፈሰሰ ደም የለም። የጫማው ተረከዝ በቀይ አፈር ተለውሷል። በቀኝ እጁ ክንድ የሚያክል የማጌይ ቅጠል ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። አልለቅም ስላለን ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ግድ ሆነ።

«ሌላ ቦታ ሞቶ ነው እዚህ ተጎትቶ የመጣው» አለ ሳጅን ቾን። «ገዳዩ ደግሞ ጨዋ ሰው ነው። ዓይን ከድኖ፣ ባርኔጣ አስተካክሎ የሚሄድ ነፍሰ ገዳይ በሃያ ዓመት ሥራዬ አላጋጠመኝም።»

«ወይም የሚወደው ሰው ነው» አልኩት።

«ማክሎቪዮን? እሱን እኮ አህያው እንኳ አትወደውም ነበር አለቃ።»

እኔ ኢንስፔክተር ፊደንሲዮ ባራንኮ እባላለሁ። የፓቹካ ልጅ ነኝ፤ አባቴም አያቴም ያረጁት ብር ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስለ ማጌይ የማውቀው ከብርጭቆ ወዲህ ያለውን ብቻ ነበር። ፑልኬ ሆኖ ሲመጣ እጠጣዋለሁ፣ ሲበዛብኝ ራሴን ያመኛል። ያንን ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቅጠሉ እንደ ሬት የወፈረ፣ ጠርዙን እሾህ ያጠረው ተክል በአፓን ሜዳ ላይ ረድፍ ሠርቶ ሲሄድ ዕድሜዬን ሙሉ ከመኪና መስኮት አይቼዋለሁ። አየሁት ማለት እንኳ ነውር ነው። አላየሁትም።

ሳን ሜልቾር መንደር ስንደርስ ሕዝቡ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ጣቢያው የሚገኘው የሟቹ የማሳ ጎረቤት የሳቱርኒኖ የማጌይ ረድፍ በሚያልቅበት ጫፍ ነው። ሳቱርኒኖና ማክሎቪዮ በድንበር ሲናከሱ ዓመታቸው ነው። ከበረንዳው ሠላሳ እርምጃ ላይ ባለ የሳቱርኒኖ ተክል ላይ ደግሞ አንድ ቅጠል አዲስ ተቆርጦ ጉማጁ ቀርቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሰዎቹ ሳቱርኒኖን ከነሥራ ልብሱ ይዘው፣ ሸሚዙን ቀደው፣ አንድ ጥርሱን አውልቀው አስረክበውናል።

አንዲቱ የእስር ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው።

«ባለፈው ሳምንት ፑልኬ ቤት ምን ብለህ ነበር?» አልኩት።

«ብዙ ነገር ብያለሁ። ፑልኬ ቤት ነዋ።»

«ስለ ማክሎቪዮ።»

አንገቱን ደፋ። «አንድ ረድፍ ከገፋኝ በገዛ ማጌዩ እሾህ እሰፋዋለሁ አልኩ።»

«አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለ ቾን ከበሩ ላይ።

«ስቄ ነበር እኮ ያልኩት! እሱም ስቋል!»

«ሰኞ ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ማሳዬ ላይ።»

«ከማን ጋር?»

«ከአህያዬ ጋር።»

«የተቆረጠውስ ቅጠል?»

«በግ ልጠብስበት። በቅጠሉ ጠቅልዬ ጉድጓድ ውስጥ ላበስለው። ሚስቴ በዚህ ሳምንት ትወልዳለች፤ እንግዳ ይመጣል።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ኢንስፔክተር፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«ምን አስቸኮለህ?»

«የማጌዮቼ የማታ ፍቂያ እየደረሰ ነው። ማን ሊፍቅልኝ ነው?»

ቾን ሳቀበት። እኔም ፈገግ አልኩ፣ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል። ጥርሱ ወልቆ፣ ሕዝብ ሊገድለው ደጅ ላይ ቆሞ፣ ሰውዬው ስለ ተክል ይጨነቃል። አቃቤ ሕጉ ስልክ ደውሎ ዓርብ ረፋድ ላይ ተጠርጣሪውን ፓቹካ እንድናስረክብ አዟል። እዚያ ከገባ ፋይሉ እንደሚዘጋ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ሃያ አምስት ዓመት ይፈረድበታል። የሚወለደው ልጅ አባቱን የሚያየው በፍርግርግ ነው። ለምርመራ የቀረኝ ሁለት ቀን ነው።

ሐኪሙ ማክሎቪዮ የሞተው ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ብሎን ነበር። በከባድና በሻካራ ነገር አንዴ ብቻ ነው የተመታው። ረቡዕ ጠዋት የመጀመሪያውን ክር ያዝኩ፤ ማክሎቪዮ ማሳውን በሙሉ ለገብስ ሊሰጥ ተፈራርሟል። ቅዳሜ ትራክተር መጥቶ አራት መቶ ማጌይ በሰንሰለት ሊነቅል ነበር። የገብሱ ሰው ኢንጂነር ባልዴራስ ይባላል፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጺሙ የተላጨ።

«ሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«አፓን፣ ስብሰባ ላይ። አሥራ ሰባት ሰው ይመሰክራል፣ አንዱ ቄስ ነው።»

«ማክሎቪዮ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር?»

«በፍጹም። እንዲያውም ቅዳሜ ራቀብኝ ይል ነበር። ምን አስቸኮለዎት ስለው፣ ቤቴ ውስጥ ሰላም የለም አለኝ።» ሰዓቱን አየ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ የምሸጠው ገብስ ነው። የሞተ ሰው አይፈርምልኝም።»

ትክክሉን ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ግማሽ ቀኔ አለቀ።

የቀረኝ ቅጠሉ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ማክሎቪዮ ቤት ሄድኩ። የሟች እህት ዶኛ ኢሲድራ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አላገቡም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የወንድማቸውን ማጌይ የሚፍቁት እሳቸው ናቸው። ሰኞ ጠዋት ክርስትና ልጃቸው ጋ ሄደው፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ መርዶ ሰምተው ተመለሱ ተብሏል። ቾን በስልክ አጣርቷል፤ ክርስትና ልጅየዋም «አዎ፣ ሰኞ እኔ ጋ ነበሩ» ብላለች። አሮጊቷ ወንበር ሰጡኝ፣ ባቄላና ትኩስ የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ አቀረቡልኝ። ጨርቁን ስፈታ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ቅጠሉን ተቀበሉኝ።

«ከሳቱርኒኖ ተክል ነው የመጣው ይላሉ» አልኩ።

«እነማን?»

«መንደሩ።»

«መንደሩ ይጠጣል እንጂ አያይም» አሉ። ቅጠሉን ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል አደረጉት። «ና። ሆዱ ላይ ምን ይታይሃል?»

«አረንጓዴ ነው።»

«አንተስ ፖሊስ ነህ?»

ተጠጋሁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ብርሃኑ በአግድም ሲመታው ግን ከለስላሳው ቆዳ ውስጥ አንድ መስመር ብቅ አለ። የጥርስ መስመር ነው፦ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ሁለት ትልልቅ፣ ክፍተት፣ ትንሽ። የእሾህ ጠርዝ ቅርጽ ቅጠሉ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ግን ያ እሾህ የራሱ የቅጠሉ አልነበረም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንድሙ ነው የነከሰው» አሉ። «ቅጠል ሳይከፈት በፊት እኮ ልቡ ውስጥ ነው የሚያድገው፤ ሁሉም ተቃቅፈው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጠቅልሎ። እዚያ ሲጫኑ የአንዱ ጥርስ የሌላው ገላ ላይ ይታተማል። ሆዱ ላይ ያለው ከእሱ በኋላ የተወለደው ነው። ገልብጠው። ይኸው፣ ጀርባው ላይ ያለው ደግሞ ከእሱ በፊት የተወለደው። ከዚያ ይከፈታሉ፣ ይራራቃሉ፣ አይገናኙም። ንክሻው ግን እስኪሞቱ አይጠፋም።»

ቶርቲያው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«ሁሉም ላይ አለ?»

«ሁሉም ላይ። የአንዱ ደግሞ ከሌላው አይመሳሰልም። ጥርሱ በየቅጠሉ ልዩ ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት የጣት አሻራ ሳነሳ ኖሬያለሁ። ያን ዕለት ግን ደንግጬ ቆምኩ፣ ትንሽም ፈራሁ። በመኪና ያለፍኩት ያ ሁሉ ሜዳ፣ ያ ሁሉ ሚሊዮን ቅጠል የጎረቤቱን ማንነት ገላው ላይ ጽፎ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ አንድም ቀን ወርጄ አላነበብኩም።

«አብረን እንሂድ» አልኳቸው። «የሳቱርኒኖን ተክል ያሳዩኝ።»

ሻላቸውን አነሱ። አህያይቱንም ያዙ።

ከቅጠሉ ጉማጅ አጠገብ ቁራጩን ይዘን ቆምን። የተቆረጠው አፍ ደርቆ ተኮማትሯል፤ እንደ ተሰበረ ሳህን ገጥሞ ማየት አይቻልም። ዶኛ ኢሲድራ ግን መግጠም አላስፈለጋቸውም። ከጉማጁ በውስጥና በውጭ በኩል የቆሙትን ሁለት ቅጠሎች ጠርዝ በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ትንሽ፣ ትንሽ፣ ትልቅ፣ ትንሽ።

«አይደለም። ደግሞ ይሄ ተክል የቀኝ ነው፤ ያንተ ቅጠል የግራ ነው።»

«ቅጠል ደግሞ ቀኝና ግራ አለው?»

እጄን ያዙና ከታች ካለው ቅጠል ላይ አስቀመጡት። «ከዚህ ጀምር። ቀጥሎ የተወለደው የታለ? በላዩ አይደለም። ዞር ብሎ ነው። የሚቀጥለውም ዞር ይላል። ሂድ፣ እየቆጠርክ ዙር።»

ሱሪዬ በእሾህ እየተያዘ ዞርኩ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሁለተኛ ዙር። ሦስተኛ። ቅጠል በቅጠል ላይ አልወደቀም። አምስተኛውን ዙር ስጨርስ አሥራ ሦስተኛው ቅጠል ከጀመርኩበት ቅጠል በላይ በቀጥታ ቆሞ አገኘሁት።

«በሌላው ሞክር» አሉኝ።

ሞከርኩ። አሥራ ሦስት። በሦስተኛው ተክል ላይም አሥራ ሦስት።

«ሁልጊዜ?»

«እኔ ስድሳ ዓመት ቆጥሬያለሁ። ለሁሉም ፀሐይ ይደርሰዋል፣ ለሁሉም ዝናብ ይደርሰዋል። ውሃው በሆዳቸው ተንሸራቶ ወደ ልብ ይወርዳል። አንዱ ተክል ወደ ቀኝ ይዞራል፣ አንዱ ወደ ግራ። ንክሻው ወዴት እንደሚያዘነብል አይተህ ትለየዋለህ።»

«ማን አስተማራቸው?»

«እሱን አንተ መርምረህ ድረስበት። ፖሊሱ አንተ ነህ።»

ሳቅሁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ከሳቱርኒኖ ተክሎች የአንዱን ክዳን ድንጋይ አንስተው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ለአቅመ ፑልኬ የደረሰ ማጌይ ልቡ ይወጣለታል፤ በልቡ ቦታ የቀረው ጉድጓድ ጠዋትና ማታ ሲፋቅ የማር ውሃ ያመነጫል፣ ያ ነው ኋላ ፑልኬ የሚሆነው። የሳቱርኒኖ ጉድጓድ ግን በቡናማ ቅርፊት ተሸፍኗል። ይሸታል። ዝንብ ተነሳበት።

«ማክሰኞ ማታ አልተፋቀም፤ ዛሬ ጠዋትም አልተፋቀም» አሉ። «ቁስሉ መዳን ጀምሯል። ከዳነ ደግሞ አይሰጥም። አሥራ ሁለት ዓመት ተጠብቆ በሦስት ቀን ይደርቃል።»

«ሚስቱስ?»

«እንዴት ትጎንበስ? ሆዷ እኮ እዚህ ደርሷል።»

ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ጎንበስ አሉ። የመምጠጫውን ረጅም ቅል ጉድጓዱ ውስጥ ነክረው የተበላሸውን ውሃ በአፋቸው ስበው ደፉት። ከዚያ የብረት መፋቂያቸውን አውጥተው ግድግዳውን ዙሪያውን ፋቁት፣ እንደ ሕፃን ራስ በጥንቃቄ። ቅርፊቱ ተነሳ፣ ከሥሩ ነጭ ሥጋ ወጣ። ግን በነጩ መሃል ቀጭን ቡናማ ቀለበት ቀረ።

«ይሄስ?»

«ያመለጠው ቀን ነው። ከእንግዲህ ብትፍቀውም ሳምንት ሙሉ አይለቅም።» ድንጋዩን መልሰው ገጠሙት። «ተክል ያልመጣህበትን ቀን አይረሳም።»

ዘጠኙንም የሳቱርኒኖ ተክሎች እስኪፍቁ ድረስ አህያይቱን ይዤ ቆምኩ። ኢንስፔክተር ባራንኮ የአህያ ጠባቂ ሆነ ብሎ ቾን ለመንደሩ ሁሉ አወራ።

ሐሙስ ጠዋት ብቻዬን ወደ ማክሎቪዮ ማሳ ወጣሁ። ቀይ አፈር የሚገኘው እዚያ ነው፤ የሟቹ ተረከዝ ላይ የነበረው። አራት መቶ ተክል። የግራዎቹን ብቻ ስለይ ግማሹ ቀረ። በየተክሉ ዙሪያ እየዞርኩ፣ እየቆጠርኩ፣ ጉማጅ ባገኘሁ ቁጥር የጎረቤቶቹን ጠርዝ በጣቴ እየዳሰስኩ ሄድኩ። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ሁለት ትልልቅ፣ ክፍተት፣ ትንሽ። እንደ ጸሎት በቃሌ ያዝኩት። ፀሐይ ናላዬን መታችኝ፣ እጄ ደማ። ግን ላቆም አልፈለግኩም። እያንዳንዱ ተክል አንድ ሕግ ይጠብቃል፤ ማንም አላዘዘው፣ ማንም አልተቆጣጠረው። እኔ ደግሞ ሕግ አስከባሪ ነኝ እል ነበር። አንዳንዴ ከሥራዬ ውጭ ሆኜ ዝም ብዬ ስቆጥር ራሴን አገኘሁት።

ቀትር አልፎ፣ ከማሳው መሃል ላይ ከሁሉም የሚተልቅ አንድ ማጌይ ዘንድ ደረስኩ። ልቡ የወጣለት ነው፤ ክዳኑ ገጥሟል። ስቆጥር ዘጠነኛው ቅጠል ላይ ጉድለት አለ። ጎረቤቱን ዳሰስኩ። ትልቅ። ትንሽ። ሁለት ትልልቅ። ክፍተት። ትንሽ።

ቁራጩን ከጨርቁ አውጥቼ አስጠጋሁት። የውስጠኛው ቅጠል ጥርስና በሆዱ ላይ ያለው ንክሻ አንድ በአንድ ገጠሙ። ጀርባውንም ከውጨኛው ጋር አመሳከርኩት፤ ገጠመ። ሳላስበው ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ከዚያ ፖሊስነቴ ተመለሰልኝ። የቅጠሉ ጉማጅ አልተጨፈጨፈም፤ ዝናብ እንዳይተኛበትና እንዳይበሰብስ ወደ ታች አዘንብሎ ተቆርጧል። ሰው ገድሎ የሚሸሽ እንዲህ አይቆርጥም። የክዳኑን ድንጋይ አነሳሁት፣ ከባድ ነው፤ ቀዳዳ ቀዳዳው የበዛ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ስገለብጠው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ጥቁር ደም ደርቋል፤ ሁለት የሽበት ፀጉርም አብሮ ተጣብቋል።

ጉድጓዱን ተመለከትኩ። ነጭና ንጹህ ነው፣ የማር ውሃው ጥርት ብሏል። ቀለበት የለውም።

እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ማክሎቪዮ የሞተው ሰኞ ከማታው ፍቂያ በፊት ነው። እህቱ የተመለሱት ማክሰኞ ቀትር ነው። ሰኞ ማታና ማክሰኞ ንጋት ታዲያ ማን ፋቀ? ተነስቼ የቀሩትን አሥራ አንድ ክዳኖች አንድ በአንድ ከፈትኩ። አንዱም ላይ ቀለበት የለም። ክርስትና ልጅየዋ ሰኞ እኔ ጋ ነበሩ ስትል፣ እስከ ስንት ሰዓት ብሎ የጠየቃት የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ባቄላቸውን በልቼ ተመንጥሬያለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዶኛ ኢሲድራ ከአህያይቱ ጋር መጡ። ድንጋዩ ተገልብጦ እግሬ ሥር ተቀምጧል። አይተውታል። መጀመሪያ የተናገሩት ግን ሌላ ነው።

«ክፍት አድርገህ ነው የተውከው? ውሻ ቢጠጣውስ?»

«ዶኛ ኢሲድራ፣ ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የተመለሱት?»

የአህያይቱን ገመድ ለቀቁ። «በዘጠኝ ሰዓት። ልቤ አላርፍ አለኝ። ቅዳሜን አይጠብቅም ብዬ ፈራሁ። ስደርስ እዚህ ቆሟል፤ ድንጋዩን አንስቶ መሬት ላይ ጥሎታል፣ በእጁ ናፍጣ ይዟል። ዛሬውኑ ልቡ ውስጥ ላፍስበትና ቅዳሜ ትራክተር ሲመጣ የምታለቅሺበት አይኖርሽም አለኝ። በችግኙ ጊዜ በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁት ነው። አሥራ አራት ዓመት።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ጎንበስ ሲል ድንጋዩን አነሳሁ። አንዴ ነው የመታሁት። ሲወድቅ ቅጠሉን ያዘ። እጁን ማስለቀቅ አቃተኝ፣ ቅጠሉን ቆረጥኩለት። ጆንያ ላይ አድርጌ በአህያይቱ ጎተትኩት። እዚህ ቢያድር ቀበሮ ይበላዋል፤ ወንድሜ ነው። ጣቢያው ላይ ቶሎ ይገኛል ብዬ ነው። የሳቱርኒኖ ረድፍ እዚያ እንደሚያልቅ፣ እሱን ያሳስራል ብዬ፣ እውነቱን ነው የምነግርህ፣ አላሰብኩም።»

«ድንጋዩን ለምን መለሱት?»

በጣም ገርሟቸው አዩኝ። «ጉድጓዱ ክፍት ይደር?»

«ማታም ፋቁ?»

«ሰዓቱ ነበራ። ማክሰኞ ንጋትም ፍቄ ነው ማንም ሳያየኝ ወጥቼ ቀትር ላይ የተመለስኩት።»

ለዚህች ሴት የሰው ሞትና የተክል ፍቂያ በአንድ ቀን የዋሉ ሁለት ሥራዎች ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አላስቀረም። አስደነገጠኝም፣ አሳዘነኝም።

«ቅጠሉን ሳሳይዎ ሊዋሹኝ ይችሉ ነበር። ምንም አላውቅም ነበር እኮ።»

«ቅጠሉን አየሁት። እንዴት አላውቀውም ልበል?» ጎንበስ ብለው የተክሉን ጉድጓድ በመዳፋቸው ከለሉት። «ማክሰኞ ዝም ልል ነበር። ረቡዕ አንተ ከመምጣትህ በፊት የሳቱርኒኖ ተክሎች እንዳልተፋቁ ሰማሁ፤ ኋላ አንተም አየህ አይደል? ጥፋት የሌለበት ሰው ታስሮ ተክሉ ሲሞት። እውነቱን ልንገርህ ልጄ፣ መጀመሪያ ያንገበገበኝ ተክሉ ነው። ሰውዬው ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ያ ነው ያሳፈረኝ። ስለዚህ አስቆጠርኩህ። ከቆጠርክ እንደምትደርስ አውቄያለሁ።»

«ራስዎ ቢናገሩስ?»

«ሁለት ፍቂያ ባተርፍ ብዬ ነው።»

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። የሚገባኝ ካቴና አውጥቼ ማሰር ነው። እኔ ግን በርሜሉን ከአህያይቱ ላይ አወረድኩላቸው። አሥራ ሁለቱንም ፋቁ። አንዱንም አላጣደፉም።

ዓርብ ማለዳ ሳቱርኒኖን ፈታነው። መንደሩ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጥርሱን ያወለቁት ሰዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለዋል። ሚስቱ ሬይና በትልቅ ሆዷ አጥሩን ተደግፋ ትጠብቀዋለች። ዶኛ ኢሲድራን ከጎኔ ይዤ ወደ መኪናው ስወጣ ደረጃው ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ቾን ክፉ ነገር እንዳይመጣ መሃላቸው ሊገባ ፈለገ፤ በእጄ ከለከልኩት።

«ሳቱርኒኖ» አሉ አሮጊቷ፣ «ሦስት ቀን በእኔ ኃጢአት ታሰርክ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ አይገባኝም።»

ሰውዬው ያበጠ ከንፈሩን ላሰ።

«ተክሎቼን ማን ፋቀልኝ?»

«እኔ።»

«ስንት አመለጣቸው?»

«ሁለት ፍቂያ። ማክሰኞ ማታና ረቡዕ ጠዋት። ዘጠኙም ግን ይድናሉ፤ ትላንትም ጠዋትና ማታ ፍቄያቸዋለሁ።»

ሚስቱን ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ ፀሐይዋን።

«የእርስዎስ ዛሬ ጠዋት ተፍቀዋል?»

«ማን ይፍቃቸው? እዚህ ነው ያደርኩት።»

«ሂድ» አለችው ሬይና ከአጥሩ። «እኔ ዛሬ አልወልድም።»

ሳቱርኒኖ የተቀደደ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ። «መጀመሪያ የእርስዎን እፍቃለሁ» አለ። «የእኔዎቹ ፍቂያ ሲያመልጣቸው ለምደዋል።» እየሮጠ በማክሎቪዮ ማሳ መንገድ ወረደ።

ዶኛ ኢሲድራ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፣ ሻላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ለፓቹካ የተነሳው መኪና ሞተሩ በርቶ እየጠበቀን ነበር። ቾን ወርዶ አጠፋው።